ብሩሿን አልጣለችም

ስለ ሙሉ መሰጠት በሚሰበክባቸው የወጣቶች ጉባኤዎች ላይ የሊሊያስ ትሮተር ታሪክ ሲነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ካልሰማችሁም ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ሊሊያስ በለንደን ከባለጸጋ ቤተሰብ የተወለደች ወጣት ነበረች፤ የውሃ ቀለም ሥዕል ስጦታ ነበራት። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ጆን ራስኪን ሥራዋን አይቶ፣ ዕድሜዋን ለሥዕል ብትሰጥ ከታላላቆቹ ጋር እንደምትቆጠር ነገራት። እርሷ ግን ሥዕሉን ጥላ ጌታን ተከተለች፤ አልጄሪያ ሄዳ ስታገለግል ኖራ እዚያው ዐረፈች። ሰባኪው እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ ያደርግና "አንተስ ምን ትጥላለህ? አንቺስ?" ይላል። ጉባኤው "አሜን!" ይላል። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ በማስታወሻ ደብተሯ ጠርዝ ላይ የሳለችውን አበባ በእጇ ትሸፍናለች።

በዚህ አነጋገር ውስጥ አንድ ቃል እውነት አይደለም፤ "ጥላ" የሚለው። ሊሊያስ ትሮተር ብሩሿን አልጣለችም። በዚች በአንዲት ቃል ምክንያት ስንት ወጣት ብሩሹን አስቀምጦ እንደ ቀረ እግዚአብሔር ያውቃል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ሙግት አንብቡት። አቋሜ ይህ ነው፦ አብያተ ክርስቲያናት ለወጣቶቻቸው የውሃ ቀለም ሥዕልን በቁም ነገር፣ ክፍል ከፍተውና መምህር ቀጥረው ሊያስተምሩ ይገባል፤ ይህንም የሚያደርጉት ፖስተር የሚሠራላቸው ሰው ለማግኘት መሆን የለበትም። የምሟገተው ከሁለት ወገኖች ጋር ነው። አንዱ ወገን "ብሩሹን ጣሉ" ይላል። ሌላው "ብሩሹን አምጡና ለእሁድ ባነር ሥሩልን" ይላል። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሥዕል መማር ራሱ በወጣቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጠይቀው አያውቁም።

የቀረው የታሪኩ ክፍል

እ.ኤ.አ. በ1876 ሊሊያስ የ23 ዓመት ወጣት ሳለች ከእናቷ ጋር ቬኒስ ከተማ ነበረች። ራስኪንም እዚያው እንዳለ እናቷ ስትሰማ የልጇን ሥዕሎች ላከችለት። ሴቶች በሥዕል ከፍ ወዳለ ደረጃ ይደርሳሉ ብሎ ብዙም የማያምነው ሰው ባየው ነገር ተደነቀ፤ ያስተምራትም ጀመር። ኋላ ላይ ያንን ከባድ ምርጫ ፊቷ ያኖረው እርሱ ነው። ሊሊያስ በዚያ ዘመን በለንደን ለሠራተኛ ልጃገረዶችና በጎዳና ለወደቁ ሴቶች ታገለግል ነበር። ብዙ ከተጨነቀች በኋላ ሕይወቷን በሙሉ ለሥዕል መስጠት እንደማትችል ወሰነች። ይህ እውነት ነው፤ ዋጋም አስከፍሏታል፤ ማንም አያቃልለው። እ.ኤ.አ. በ1888 አንድ የሚሲዮን ድርጅት በጤናዋ ምክንያት ሳይቀበላት ሲቀር፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በራሷ አልጀርስ ገባች። ዐረብኛ አያውቁም፤ በከተማይቱም የሚያውቁት ሰው አልነበረም። እስከ ዐረፈችበት እስከ 1928 ድረስ 40 ዓመት በዚያች ምድር አገለገለች።

የሚዘለለው ክፍል ከዚህ ይጀምራል። በእነዚያ 40 ዓመታት ሊሊያስ የዕለት ማስታወሻዎቿን በትናንሽ የውሃ ቀለም ሥዕሎች ሞላቻቸው። የበረሃውን አሸዋ፣ የሰማዩን ቀለም፣ ያገለገለቻቸውን ሰዎች፣ በመንገድ ያገኘቻቸውን አበቦች ሳለች። ስለ መስቀሉ በጻፈችው መጽሐፏም ሞትና ሕይወት በክርስቲያን ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ ያስረዳችው በገዛ እጇ በሳለቻቸው እጽዋት ነው፤ አሮጌው ቅጠል ለአዲሱ እንቡጥ ስፍራ ሲለቅ፣ አበባው ዘሩን ለነፋስ ሲሰጥ እያሳየች። ይህን ያስተዋለችው በአበባው አጠገብ አልፋ በመሄድ አይደለም፤ ወረቀትና ውሃ ይዛ ፊቱ ስለ ተቀመጠች ነው።

እንግዲህ ምን ተወች? የተወችው ዝናን ነው። በትልልቅ አዳራሾች የሚጠብቃትን ስፍራ ተወች። ጥበቧን ግን ወደ አልጄሪያ ይዛው ሄደች፤ ዓይኖቿንም ይዛ ሄደች። ምርጫው ሥዕል ወይስ ጌታ የሚል አልነበረም፤ ሥዕሉ ለማን ይገዛ የሚል ነበር።

ሌላም ነገር አስተውሉ። ሊሊያስ ያን ምርጫ ለመምረጥ አስቀድማ መማር ነበረባት። ዳዊት በኦርና አውድማ ላይ ቆሞ፣ ምንም ዋጋ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለእግዚአብሔር ማቅረብን እንቢ ብሏል (2ሳሙ. 24፥24)። ተቀምጠን ያልተማርነውን፣ ያልደከምንበትን ጥበብ "ለጌታ ተውሁት" ማለት አንችልም። እጃችን ላይ ያልነበረ ነገር እንዴት ይጣላል? ስንፍናችንን መሥዋዕት ብለን አንጥራው።

የውሃ ቀለም ምን ያስተምራል?

በቅዳሜ ከሰዓት ወጣቶችን የውሃ ቀለም አስተምራለሁና ከክፍሉ ልናገር።

የውሃ ቀለም የተፈጨ የቀለም ዱቄት በሙጫ ተለውሶ የሚሠራ ነው። ሙጫው ከግራር ዛፍ የሚገኝ ነው፤ በሱዳን በብዛት ይለቀማል፤ በእኛም ቆላማ ምድር አለ። ቀለሙ በውሃ ቀጥኖ ወረቀት ላይ ሲፈስ ብርሃን በውስጡ ያልፋል፤ ነጩን ወረቀት መትቶ ይመለሳል። የውሃ ቀለም ሥዕል የሚያበራው ለዚህ ነው፤ ብርሃኑ ከሥር፣ ከወረቀቱ ነው። በዚህም ምክንያት ጥንቁቅ መምህር ለተማሪው ነጭ ቀለም አይሰጠውም። ነጭ የሚሆነው ሳይነካ የተተወው ወረቀት ነው። ተማሪው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ብርሃኑ የት እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ አንዴ ካጠቆረው በኋላ ያ ብርሃን እንደ ቀድሞው አይመለስለትም። በዘይት ቀለም የሚሠራ ሰው የተሳሳተውን በሌላ ቀለም ይደርብበታል። በውሃ ቀለም ግን ከሥር ያለው ሁሉ ይታያል፤ መሸፈኛ የለም።

ትዕግሥትንም ያስተምራል። እርጥብ ሳለ ደምቆ የታየው ቀለም ሲደርቅ ይፈዝዛል፤ ስለዚህ ባየው ድምቀት የተደሰተ ጀማሪ ከ20 ደቂቃ በኋላ ያዝናል። ግማሽ የደረቀውን ቸኩላችሁ ብትነኩት ውሃው ይገፋውና ጠርዙ እንደ አበባ ጎመን ይፈነዳል። መጠበቅ አለባችሁ። እጃችሁን አጣጥፋችሁ ወረቀት ሲደርቅ ማየት ለዚህ ዘመን ወጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እኔ አይቻለሁ።

በመጀመሪያው ቀን በመስኮቱ አጠገብ ነጭ ነጠላ አነጥፌ ነጭ ሲኒ አስቀምጥበታለሁ። "ሲኒው ምን ዓይነት ነው?" እላለሁ። ሁሉም "ነጭ ነው" ይላሉ። "እሺ፤ ተመልከቱት" ብዬ ዝም እላለሁ። ዐሥር ደቂቃ ያልፋል። ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ ከመስኮቱ የራቀው ጎን ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ እንደሆነ ይናገራል። ሌላዋ የነጠላው ጥለት በሲኒው ሆድ ላይ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ እንደሚታይ ታያለች። ሌላው በውስጡ ያለው ጥላ ከውጭው እንደሚሞቅ ያያል። በትምህርቱ መጨረሻ በሲኒው ላይ በእውነት ነጭ ሆኖ የሚቀረው ስፍራ የስንዴ ቅንጣት አያክልም። "ነጭ ነው" ያለው አፋቸው ነበር፤ ዓይናቸው ገና አላየም ነበር።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ ጌታ በቤተ ሳይዳ የፈወሰውን ዕውር አስታውሱ። በመጀመሪያ ጌታ እጁን ጫነበትና ምን እንደሚያይ ጠየቀው። ሰውየው ሰዎችን አየ፤ ነገር ግን የሚመላለሱ ዛፎች መሰሉት። ጌታ በዚህ ላይ "ይበቃሃል" ብሎ አላሰናበተውም፤ እንደገና እጁን ዓይኑ ላይ አኖረ፤ ያን ጊዜ ሁሉን አጥርቶ አየ። ብዙዎቻችን ከመጀመሪያው እይታ አልፈን አናውቅም። ሰው እናያለን፤ ዛፍ ይመስለናል፤ በዚያው እንሄዳለን።

ጌታ ስለ ሜዳ አበቦች ሲናገር (ማቴ. 6፥28) እንድናያቸው ብቻ አላዘዘንም። በግሪክኛው የተጻፈው ግስ አንድን ነገር ጠንቅቆ መማርን፣ መርምሮ ማወቅን ያመለክታል። ስለ ጭንቀት በሚያስተምርበት በዚያ ቦታ መድኃኒት አድርጎ የሰጠን አበባን በትኩረት መመልከት ነው። ይህን ትእዛዝ ስንቶቻችን ፈጽመነዋል? ስንቶቻችንስ ለአንዲት አበባ አንድ ሰዓት ሰጥተናል?

ይህ ሁሉ ለአበባና ለሲኒ ብቻ አይምሰላችሁ። "እርሷ ኩሩ ናት።" "እርሱማ የጠፋ ልጅ ነው።" "የዚያ ሰፈር ሰዎች እንዲህ ናቸው።" ሲኒውን "ነጭ ነው" ብለን እንደ ዘጋነው፣ ወንድማችንንና እኅታችንንም በአንድ ቃል ዘግተን እንሄዳለን። በኅብረታችን ውስጥ ስንት ሰው በአንድ ቃል ተዘግቶበት ቆስሏል? ሥዕል ብቻውን ሰውን ያድናል አላልሁም፤ የሚያድነው ጌታ ነው። ነገር ግን በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት "መጀመሪያ ያልሁት ልክ አልነበረም፤ እንደገና ልይ" ማለትን የሚለማመድ ወጣት፣ በሰው ላይ ለመፍረድ ከሚቸኩል ወጣት ይልቅ ለፍቅር የቀረበ ነው እላለሁ።

"ጣሉት" ለሚሉ

የመጀመሪያው መከራከሪያ ሁልጊዜ ዘጸአት 20 ነው። የተቀረጸ ምስል ተከልክሏል ይሉናል። እውነት ነው፤ ተከልክሏል። ትእዛዙ ግን ምስሉን ሠርቶ መስገድንና ማምለክን የሚመለከት ነው። ያንኑ ሕግ የሰጠ እግዚአብሔር ከአምስት ምዕራፍ በኋላ ኪሩቤል ከወርቅ እንዲሠሩ፣ በመቅረዙም ላይ የለውዝ አበባ አምሳል እንዲኖር አዝዟል (ዘጸ. 25)። ሙሴ በምድረ በዳ የናስ እባብ ሠራ፤ እግዚአብሔር አዝዞታልና። ያው የናስ እባብ ግን ሕዝቡ ዕጣን ሊያጥኑለት በጀመሩ ጊዜ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2ነገ. 18፥4)። ናሱ ያው ናስ ነበር፤ የተለወጠው የሰዎቹ ልብ ነው። እኛ ለሥዕል አንሰግድም፤ ለሎሚና ለጀበና ሥዕልማ ማን ይሰግዳል? ታዲያ ስግደቱን እንቢ ስንል ለምን ሥዕሉንም ከቤታችን አስወጣን?

ባስልኤልን ተመልከቱ። የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላው መጽሐፍ ቅዱስ በስሙ ጠርቶ ከሚነግረን ሰዎች ቀዳሚው እርሱ ነው (ዘጸ. 31)። ነቢይ አልነበረም፤ ካህንም አልነበረም። በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በዕንቁና በእንጨት የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ነበር። በዘጸአት 35፥34 ደግሞ ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምናልፈው ነገር አለ፤ እግዚአብሔር ለባስልኤልና ለባልንጀራው ለኤልያብ ሌሎችን የማስተማርንም ጸጋ በልባቸው አኑሯል። እጅን ማሠልጠን፣ ጥበብን ለሌላ ማስተላለፍ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነገር ሆኖ ተጽፏል። ይህ እያለ "ሥዕል ማስተማር የቤተ ክርስቲያን ሥራ አይደለም" የሚል ሰው መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለዚያ ክፍል ይስጥ።

"ምን ሊበላ ነው ታዲያ?" የሚሉ ወላጆችም አሉ። ጭንቀታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚማር ሁሉ ሠዓሊ ይሁን አላልሁም። ከመዘምራን አባላት ስንቱ በሙዚቃ ይተዳደራል? ሐኪሙም፣ ሾፌሩም፣ ተማሪውም ይዘምራል። ጥሪው በእርግጥ ያለው ደግሞ የሚሄድበት አያጣም፤ ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ትምህርት ቤት ዛሬም በስማቸው እየተጠራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያስተምራል።

"ለአገልግሎት ይጠቅማል" ለሚሉ

እነዚህኞቹ ወዳጅ ይመስላሉ። "ሥዕል ትችላለህ? ጎበዝ! ለጉባኤው ባነር ሥራልን፤ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ዳዊትና ጎልያድን ሳልልን" ይላሉ። የሚናገሩት ረቡዕ ነው፤ የሚፈልጉት ለእሁድ ነው፤ የቀለሙን ዋጋ የሚጠይቅ የለም። ልጁም ደስ ብሎት ይሠራል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሲሠራ ያው አንድ ዓይነት ጎልያድ፣ ያው አንድ ዓይነት የፀሐይ ጮራ፣ ያው አንድ ዓይነት ርግብ ይስላል። እጁ አያድግም፤ ማንም አላስተማረውምና። ሦስተኛው ዓመት ላይ ባነር በኮምፒውተር መሥራት ርካሽ ሲሆን አይጠሩትም።

አሁን መዘምራኑን ተመልከቱ። ኪቦርድ ይገዛላቸዋል። አሠልጣኝ ይመጣላቸዋል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይለማመዳሉ። ሶፕራኖው ለብቻ፣ ቴነሩ ለብቻ "ዶ፣ ሬ፣ ሚ" ሲል ያመሻል። "ዶ፣ ሬ፣ ሚ" ውስጥ ወንጌል የለም፤ ሆኖም "ይህ መንፈሳዊ አይደለም" ብሎ ልምምዱን ያቋረጠ ሽማግሌ አላየሁም። ሁሉም ያውቃል፤ ድምፅ ሳይሠለጥን መዝሙር አይጸናም። ታዲያ ዓይንና እጅ ሳይሠለጥኑ ሥዕል እንዲጸና የምንጠብቀው በምን ሕግ ነው?

ደግሞ ሥዕል ሁሉ ስብከት መያዝ አለበት ያለን ማነው? በመቅረዙ ላይ የለውዝ አበባ ነበረ፤ ከሥሩ ግን ጥቅስ ተጽፎበት አናነብም። አበባው ውብ ሆኖ መሠራቱ በቂ ነበር። ሎሚን በእውነት የሳለች ልጅ ፈጣሪ የሠራውን ሳትዋሽ መስክራለች። ከሥሩ ጥቅስ ስላልጻፈች ምስክርነቷ አይጎድልም።

ለስቱዲዮዎችም ቃል አለኝ

ሙግቴ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ብቻ ከሆነ አድልዎ ይሆንብኛል። በየሰፈሩ በክረምት ለወጣቶች የሥዕል ኮርስ የሚሰጡ ስቱዲዮዎች አሉ፤ ጥሩዎቹን እግዚአብሔር ይባርካቸው። በብዙዎቹ ግን የሚሆነው ይህ ነው፦ መምህሩ ከስልክ የወጣ ፎቶግራፍ ያድላል፤ ፏፏቴ፣ አንበሳ፣ ጀንበር ስትጠልቅ። ተማሪው በመስመር በመስመር ይገለብጣል። ገልብጦ መሥራት በራሱ ነውር የለውም፤ የታላላቆችን ሥራ እየገለበጡ የተማሩ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ፎቶግራፉ የሌላ ሰው እይታ ነው፤ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር ካሜራ ያነሣው ሰው ጨርሶታል። ለተማሪው የቀረለት መገልበጥ እንጂ ማየት አይደለም።

ከዚህ የሚከፋ አለ። የኮርሱ ማብቂያ ሲደርስ ወላጆች ይመጣሉ፤ ዐውደ ርእይ ይከፈታል። ሥዕሉ እንዲያምር መምህሩ ብሩሹን ተቀብሎ ሰማዩን "ያስተካክላል"፣ የአንበሳውን ዓይን "ይጨርሳል"። በሥዕሉ ጥግ ያለው ፊርማ የተማሪው ነው፤ እጁ ግን የመምህሩ ነው። እናት ታለቅሳለች፤ ፎቶ ይነሣሉ። ልጁ ግን ያውቃል። ቤት ገብቶ ብቻውን ሲሞክር ያ ሰማይ አይወጣለትም፤ "ስጦታ የለኝም" ብሎ ይተወዋል። ይህ ውሸት ነው፤ በውብ ቀለም የተሠራ ውሸት። የአንድ ልጅ የተበላሸ ግን የራሱ የሆነ ሎሚ ከእንዲህ ያለ አንበሳ ይበልጣል። የመምህር እጅ በተማሪ ወረቀት ላይ መግባት የለበትም፤ ማሳየት የፈለገ በራሱ ወረቀት ያሳይ።

"ስልኬ በአንድ ሰከንድ ያነሣልኛል፤ አሁንማ ማሽኑ ራሱ ይስላል" የምትሉም አላችሁ። እውነታችሁን ነው። ግን በስልካችሁ ውስጥ በሚገባ የተቀዳ መዝሙር አለና መዘምራኑን እንበትን ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የምንዘምረው መዝሙር ስለ ጠፋ አይደለም፤ ስንዘምር የምንለወጠው እኛ ስለሆንን ነው። ስልኩ ሥዕሉን ይሰጣችኋል፤ ዓይን ግን አይሰጣችሁም።

ምን እናድርግ?

ተቃውሞ ብቻ አይበቃም። የወጣቶች ኅብረት መሪዎች ከሆናችሁ ይህን ለሽማግሌዎች አቅርቡ።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው። ትልቁ መስኮት ያለውን ክፍል ጠይቁ፤ አምፖል የመስኮትን ብርሃን አይተካም። ከስምንት እስከ ዐሥር ወጣት ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ መምህሩ እያንዳንዱን አያየውም። ለእያንዳንዱ ጫፉ የሚሾል አንድ ክብ ብሩሽ፣ ሁለት የውሃ ማሰሮ (አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለንጹሕ ውሃ)፣ ለመበጥበጫ አንድ ነጭ ሳህንና አሮጌ ጨርቅ ይኑረው። ሦስት ቀለም ይበቃል፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። 36 ቀለም ያለው ሣጥን አትግዙ፤ ገንዘባችሁን ወረቀት ላይ አውሉ። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ወፍራም ወረቀት ውሃ ይችላል፤ ትልቁን ለስምንት ቆርጣችሁ ተካፈሉት። አቅም ካነሰ ስሱን ወረቀት አርጥባችሁ በጣውላ ላይ ዳር ዳሩን በሚለጠፍ ወረቀት ያዙት፤ ሲደርቅ ይወጠራል፤ ስትስሉበት ብዙ አይጨማደድም።

በመጀመሪያው ወር በአንድ ቀለም ብቻ ሥሩ። ከጥቁሩ እስከ ፈዛዛው ሰባት ደረጃ አውጡ፤ እስኪስተካከል ደጋግሙ። የእናንተ "ዶ፣ ሬ፣ ሚ" ይህ ነው። ከዚያ እንቁላል፣ ሎሚ፣ ጀበና፣ የኮባ ቅጠል ወደ ጠረጴዛው ይምጣ። ፎቶግራፍ አይግባ። ለአንድ ዓመት ማንም ባነር እንዳያዛችሁ ከሽማግሌዎች ጋር ተስማሙ። በዓመቱ መጨረሻ ሥራዎቹን በአዳራሹ ስቀሉ፤ የተሳካውንም፣ ውሃ የበዛበትንም፤ ማንም ሳይነካካው። ጥቅስ አትለጥፉባቸው።

መምህሩንም ክፈሉት። ለድምፅ ማጉያ ቴክኒሻን እንከፍላለን፤ ለሠዓሊ ሲሆን ግን "ለጌታ ነው" እንላለን። ሠራተኛ ዋጋው እንደሚገባው ያስተማረን ጌታ ራሱ ነው (ሉቃ. 10፥7)።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሥዕልም ጣዖት ሊሆን ይችላል፤ እንደ መድረክ፣ እንደ ማይክሮፎን፣ እንደ ጥሩ ድምፅ። "እዩኝ" ማለት ሲጀምር ልባችሁን ጠብቁ። ሊሊያስን ትልቅ ያደረጋት ይህን ማወቋ ነው፤ ዝናው ሲጠራት "አይሆንም" አለች። ያም ሆኖ በበረሃው ያገኘችውን አበባ ዝም ብላ አላለፈችውም።

በሚቀጥለው ጉባኤ ሰባኪው የሊሊያስን ታሪክ "ሥዕሉን ጥላ" ብሎ ሲጨርስ፣ ከጸሎቱ በኋላ በትሕትና ቅረቡና "እባክዎ፣ ከ1888 በኋላ ያለውን 40 ዓመትም ይንገሩን" በሉት። ነግሯችሁ ሲጨርስ ደግሞ የክፍሉን ቁልፍ ለቅዳሜ ለምኑት።